የጆሶን ዜና መዋዕልና የምናብ ሥዕላዊ ታሪክ፦ የተከታታዮች መላምት በመዝገብ ሚዛን ሲታይ

በደቡብ ኮሪያ ዌብቱን በሚል መጠሪያ የሚታወቁትና በኢንተርኔት በተከታታይ ክፍል የሚቀርቡት ሥዕላዊ ታሪኮች ለፊልምና ለቴሌቪዥን ድራማ ዋነኛ መነሻ ከሆኑ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከእነዚህ መካከል ኮሪያን ከ1392 እስከ 1910 ያስተዳደረውን የጆሶን ሥርወ መንግሥት መቼት የሚያደርጉት በርካታ ተከታታዮች አሏቸው። የእነዚህ ሥራዎች አንባቢያንና ተመልካቾች በምናብ የተፈጠሩት ገጸ ባሕርያት በእውኑ ታሪክ እነማን እንደነበሩ ለመለየት የሚያደርጉት ጥረትም ራሱን የቻለ የውይይት መስክ ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን በምሳሌነት በመውሰድ፣ ተከታታዮቹ የሚያቀርቧቸው መላምቶች በጆሶን የመንግሥት መዛግብት ሲመዘኑ የትኞቹ እንደሚጸኑና የትኞቹ እንደሚወድቁ ማብራራት ነው። ጉዳዩ ከመዝናኛ ያለፈ ፋይዳ አለው። መላምቶቹን ለመመዘን የሚያስችለው የዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች በየዕለቱ የጻፉትና በየዘመኑ ከጥፋት የታደጉት መዝገብ በመሆኑ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ መግለጽ ያስፈልጋል።

ለምሳሌነት የተመረጠው ሥራ ደራሲ ኪም ኡንሂ የጻፉት፣ ሠዓሊ ያንግ ክዩንግኢል የሣሉት “የአማልክት መንግሥት” የተሰኘው ሥዕላዊ ታሪክ ነው። ይኸው ሥራ “ኪንግደም” በሚል ርዕስ በተከታታይ ፊልምነት ተዘጋጅቶ የመጀመሪያው ምዕራፍ በጥር ወር 2019፣ ሁለተኛው ምዕራፍ በመጋቢት ወር 2020፣ ልዩ ክፍሉ ደግሞ በሐምሌ ወር 2021 በኔትፍሊክስ አማካይነት ለዓለም ቀርቧል። ታሪኩ ሙታንን ቀስቅሶ ሕያዋንን እንዲበሉ የሚያደርግ ወረርሽኝ በጆሶን ምድር ሲስፋፋ፣ ቾ የተባለ ኃያል ቤተሰብም የንጉሡን ሞት ደብቆ ሥልጣኑን ለማራዘም ሲሞክር ያሳያል። ሊ ቻንግ የተባለው አልጋ ወራሽ በአንድ በኩል ወረርሽኙን፣ በሌላ በኩል ሴረኞቹን እየታገለ የአባቱን ሕመም ምሥጢር ፍለጋ ወደ ደቡብ ይጓዛል።

የመጀመሪያው መላምት፦ አልጋ ወራሹ ማን ነው?

በተከታታዮች ዘንድ በስፋት የሚነገረው መላምት ሊ ቻንግ የንጉሥ ጓንግሄጉን ምሳሌ ነው የሚለው ነው። መላምቱ ያለ መሠረት የቀረበ አይደለም። ፊልሙ የሚተርከው ጃፓን በ1592 ጆሶንን ከወረረችበትና እስከ 1598 ከዘለቀው ጦርነት ማግሥት ያለውን ጊዜ ነው። በ1575 የተወለዱት ጓንግሄጉን ለንጉሥ ሶንጆ ሁለተኛ ወንድ ልጅ ሲሆኑ እናታቸው ንግሥት ሳይሆኑ ዕቁባት ነበሩ። ጦርነቱ በተጀመረበት ዓመት ንጉሡ ከዋና ከተማዋ ሸሽተው ወደ ሰሜን ሲያቀኑ ጓንግሄጉን በጥድፊያ አልጋ ወራሽ ተብለው ተሰየሙ። የመንግሥቱን ከፊል አካል እየመሩም በየአውራጃው በመዘዋወር ጦርና ስንቅ አሰባስበዋል።

ንጉሥ ሶንጆ በ1602 ንግሥት ኢንሞክን አገቡ። ንግሥቲቱ ከአልጋ ወራሹ በዕድሜ በ9 ዓመት ያንሱ ነበር። በ1606 ንግሥቲቱ ዮንግቻንግ የተባለ ወንድ ልጅ ሲወልዱ፣ ከዕቁባት የተወለዱት አልጋ ወራሽ ዙፋን አጠያያቂ ሆነ። በፊልሙም ወጣቷ ንግሥት ወንድ ልጅ ወለድሁ ብላ ከዕቁባት የተወለደውን ሊ ቻንግን ከወራሽነት ለማስወገድ ትጥራለች። በዚህ ደረጃ ሲታይ መመሳሰሉ አይካድም።

ይሁን እንጂ መዝገቡ ከዚህ አልፎ ሲመረመር የተጎጂና የጎጂ ቦታ ተገላብጦ ይገኛል። ጓንግሄጉን በ1608 ከነገሡ በኋላ የንግሥቲቱ አባት ኪም ጄናም በ1613 በሴራ ተከሰው ተገደሉ። ሕፃኑ ልዑል ዮንግቻንግ ወደ ደሴት ተግዞ በ1614 ሕይወቱ እንዲያልፍ ተደረገ። ንግሥቲቱም በ1618 ማዕረጋቸው ተገፎ በግዞት ተቀመጡ። በ1623 ጓንግሄጉን በመፈንቅለ መንግሥት ከዙፋን ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ በእንጀራ እናታቸውና በወንድማቸው ላይ ፈጽመውታል የተባለው በደል ነበር። ከዚያም ወደ ጋንግህዋ፣ በኋላም ወደ ጄጁ ደሴት ተግዘው በ1641 ሞቱ። ስለሆነም ፊልሙ ከጓንግሄጉን የወሰደው የአልጋ ወራሽነት ዘመናቸውን ችግር እንጂ ንግሥናቸውን አይደለም። በሥዕላዊ ታሪኩ ደግሞ ገዳዮች የሚያሳድዱት ልዑል ይ ሙን የተባለ ታዳጊ በመሆኑ፣ መላምቱ ከመነሻው ሥራ ይልቅ በፊልሙ ላይ የተመሠረተ መሆኑን መገንዘብ ይቻላል።

ሁለተኛው መላምት፦ የቾ ቤተሰብ

የፊልሙ ዋና ሴረኛ ቾ ሃክጁ የሚመራው ቤተሰብ “የሄዎን ቾ” ተብሎ የሚጠራ ሲሆን በእውኑ ታሪክ በዚህ ስም የጆሶንን ቤተ መንግሥት የተቆጣጠረ ቤተሰብ የለም። ተከታታዮች ግን ይህ ቤተሰብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ኃያላን የጋብቻ ዘመዶች ጋር እንደሚገናኝ ያስረዳሉ። በዚህ ረገድ መላምታቸው ጠንካራ ነው። ንጉሥ ሱንጆ በ1800 ገና በልጅነታቸው ከነገሡ በኋላ የንግሥቶች አባቶችና ወንድሞች የመንግሥቱን ሹመት፣ ግብርና ፈተና በእጃቸው አስገብተው ነበር። ከእነዚህም የአንዶንግ ኪም እና የፑንግያንግ ጆ ቤተሰቦች ዋነኞቹ ናቸው። “ጆ” እና “ቾ” በኮሪያ አጻጻፍ አንድ ዓይነት መጠሪያ መሆናቸውም ለመላምቱ ተጨማሪ ድጋፍ ይሰጣል።

ከዚህ የምንረዳው ፊልሙ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን የወራሽነት ቀውስ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የአማቾች አገዛዝ ጋር ማዋሐዱን ነው። በሁለቱ መካከል የ200 ዓመት ልዩነት አለ። የቤተሰቡ ስም በምናብ መፈጠሩም ጥቅም አለው። በኮሪያ የዘር ሐረግ ማኅበራት እስካሁን የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው፣ አያቶቻቸው በድራማ ያለ አግባብ ሲሣሉ ተቃውሞ ያሰማሉ። በታኅሣሥ ወር 2020 መታየት የጀመረው “ሚስተር ኩዊን” የተሰኘ ድራማ ከፑንግያንግ ጆ ዘሮች ተቃውሞ የገጠመው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ሦስተኛው መላምት፦ ወረርሽኙና ረሃቡ

ደራሲዋ ለሥራቸው መነሻ የሆናቸው በጆሶን ዜና መዋዕል ውስጥ ያገኙት፣ ስሙ ያልታወቀ በሽታ እጅግ ብዙ ሕዝብ መጨረሱን የሚገልጽ ዘገባ መሆኑን ለመገናኛ ብዙኃን ተናግረዋል። እንዲህ ካሉት ዘገባዎች በግልጽ የሚታወቀው በንጉሥ ሱንጆ ዘመን በ1821 የተመዘገበው ነው። የፒዮንግያን ክፍለ ሀገር ገዥ በዚያ ዓመት ለቤተ መንግሥት በላኩት ሪፖርት፣ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትል እንግዳ በሽታ በድንገት መግባቱንና በ10 ቀናት ውስጥ ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች መሞታቸውን አስታውቀዋል። የታሪክና የሕክምና አጥኚዎች ይህ በሽታ በ1817 ከቤንጋል ተነሥቶ በእስያ የተሠራጨው ኮሌራ መሆኑን አረጋግጠዋል።

በፊልሙ የተራቡ ሕመምተኞች ሳያውቁ የሰው ሥጋ የተቀላቀለበት ሾርባ ጠጥተው ወረርሽኙ የሚጀምርበት ትዕይንትም ከመዝገብ የራቀ አይደለም። በጦርነቱ ዘመን በ1594፣ ከዚያም በንጉሥ ህዮንጆንግ ዘመን በ1670 እና 1671 በደረሰው ታላቅ ረሃብ፣ የሰው ሥጋ እስከመብላት የደረሱ ሰዎች እንደነበሩ ዜና መዋዕሉ በሐዘን ይተርካል። የሁለተኛው ረሃብ መንስዔ ከወቅቱ ያልተለመደ ቅዝቃዜ፣ ከድርቅ፣ ከጎርፍና ከከብት በሽታ ጋር የተያያዘ ሲሆን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። በፊልሙ ሙታኑ በብርድ የሚበረቱ መሆናቸውን ተከታታዮች ከዚህ የቅዝቃዜ ዘመን ጋር ያያይዙታል። ይህ ግን መመሳሰል ከመሆን አልፎ በማስረጃ የተደገፈ አይደለም።

በዶንግኔ ከተማ ሹማምንቱ ሕዝቡን ጥለው በመርከብ የሚሸሹበት ትዕይንትም ሌላው አወያይ ጉዳይ ነው። በእውኑ ታሪክ የዶንግኔ ሹም ሶንግ ሳንግህዮን በ1592 የጃፓን ጦር ከተማዋን ሲከብ አልሸሹም። ከተማዋን ሲከላከሉ በዚያው ተሰውተዋል። ይልቁንም ሸሽተው የነበሩት በዋና ከተማዋ የነበሩት ንጉሥ ሶንጆና አጃቢዎቻቸው ናቸው። በመሆኑም ትዕይንቱን የዶንግኔ ታሪክ አድርጎ መውሰድ በሰማዕትነት የሞተን ሹም ስም ማጉደፍ ይሆናል።

የሰሜኑ ድንበርም በተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል። በ2021 የቀረበው ልዩ ክፍል በጆሶን ድንበር ውስጥ የሰፈሩ የጁርቼን ተወላጆች የደረሰባቸውን መከዳት ይተርካል። ተከታታዮች ይህን ከማንቹ ወረራዎች ጋር ያገናኙታል። በእርግጥም ኑርሃቺ የጁርቼን ነገዶችን አስተባብረው በ1616 መንግሥት መመሥረታቸው፣ ጆሶንም በ1627 እና በ1636 ከዚሁ ኃይል ወረራ የደረሰባት መሆኑ የታወቀ ነው። ታሪኩ የሚያመለክተው አቅጣጫ ትክክል ቢሆንም የተከዳው መንደርና የበቀሉ ትረካ የደራሲዋ ፈጠራ ነው።

አራተኛው መላምት፦ “መዝገቡ ተሰርዟል”

ከሁሉም መላምቶች ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የመጨረሻው ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ማብቂያ ሊ ቻንግ ዙፋኑን ለሕፃኑ ትቶ እንደሞተ እንዲቆጠር ይመርጣል። ከዚህ በመነሣት አንዳንድ ተከታታዮች “ወረርሽኙ በመዝገብ ያልተገኘው ሆን ተብሎ ስለተሰረዘ ነው” የሚል ክርክር ያቀርባሉ። ይህ ዓይነቱ ክርክር ማስረጃ አለመኖሩን ራሱን እንደ ማስረጃ የሚቆጥር በመሆኑ በቀላሉ ሊረታ አይችልም። ምላሽ ለመስጠት መዝገቡ እንዴት ይዘጋጅ እንደነበር መመልከት ያሻል።

“ሲልሎክ” የተሰኘው የጆሶን ዜና መዋዕል ከመሥራቹ ንጉሥ ቴጆ እስከ ንጉሥ ቾልጆንግ የነበሩትን 25 ነገሥታት፣ ማለትም ከ1392 እስከ 1863 ያለውን 472 ዓመት የሚሸፍን ሲሆን 1,893 ክፍሎች አሉት። ዝግጅቱ የሚጀምረው በዝቅተኛ ማዕረግ ከሚገኙ 8 ወጣት ጸሐፍት ነበር። ጸሐፍቱ በየተራ ንጉሡ በሚገኙበት ጉባኤ ሁሉ እየተገኙ የተነገረውንና የተደረገውን ይጽፉ ነበር። ከዚህም በተጨማሪ የራሳቸውን አስተያየት የያዘ ሌላ ረቂቅ በቤታቸው በምሥጢር ያስቀምጡ ነበር። ንጉሡ ሲሞቱ ልዩ ጽሕፈት ቤት ተቋቁሞ ረቂቆቹና የየመሥሪያ ቤቱ ሰነዶች ተሰባስበው ዜና መዋዕሉ ይዘጋጃል። ሥራው ሲጠናቀቅም ምሥጢሩ እንዳይወጣ ረቂቆቹ በወንዝ ውኃ ይታጠቡ ነበር።

የሥርዓቱ ምሰሶ ንጉሡ መዝገቡን እንዳያዩ የተደነገገው ክልከላ ነው። በ1404 ንጉሥ ቴጆንግ ለአደን ወጥተው ከፈረስ ሲወድቁ፣ ታሪክ ጸሐፊው ይህን እንዳያውቅ ማዘዛቸው ተመዝግቧል። ትእዛዙም ጭምር ሳይቀር መጻፉ የጸሐፍቱን ነጻነት ያመለክታል። ልጃቸው ታላቁ ሴጆንግ የአባታቸውን ዘመን መዝገብ ለማየት በጠየቁ ጊዜ ሹማምንቱ፣ ነገሥታት የሚያነቡት ከሆነ ጸሐፍት እውነቱን ለመጻፍ ይፈራሉ በማለት ጥያቄያቸውን እንዲተዉ አድርገዋቸዋል።

ሥርዓቱ ያለ መሥዋዕትነት አልቆየም። በ1498 ንጉሥ ዮንሳንጉን ኪም ኢልሶን የተባሉ ጸሐፊ ባዘጋጁት ረቂቅ ሰበብ ጸሐፊውን ጨምሮ በርካታ ምሁራንን አስገድለዋል። በ1592ቱ ወረራ ደግሞ ዜና መዋዕሉ ከተቀመጠባቸው 4 ቤተ መዛግብት ሦስቱ ተቃጠሉ። የቀረውን የጆንጁን ቅጂ አን ኡይና ሶን ሆንግሮክ የተባሉ ሁለት ምሁራን ወደ ኔጃንግ ተራራ አሽሽተው አተረፉት። ሁለቱ ሰዎች ይህን ባያደርጉ ኖሮ የመጀመሪያዎቹ 200 ዓመታት ታሪክ ዛሬ ባልተገኘ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ዜና መዋዕሉ እንደገና ታትሞ፣ ከዋና ከተማው ውጪ የሚቀመጡት ቅጂዎች ለወራሪ በማይመቹ ተራሮችና በደሴት እንዲቀመጡ ተደርጓል።

ተከታታዮች በአንድ ነገር ትክክል ናቸው። ፊልሙ በሚተርከው ዘመን በእርግጥ የመዝገብ ክፍተት አለ። “ሱንግጆንግዎን ኢልጊ” የተባለው የንጉሡ ጽሕፈት ቤት የዕለት መዝገብ የንጉሡን ጤንነትና የታዘዘላቸውን መድኃኒት ሳይቀር የሚዘግብ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የተረፈው ከ1623 ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ከፊሉ በጃፓን ወረራ፣ ከፊሉም በ1624 በተነሣው የይ ጓል ዐመፅ ጠፍቷል። ደራሲያን ይህን ዘመን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ምናብ የሚሠራበት ባዶ ቦታ በመኖሩ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሆኖም ክፍተቱ የጠፋ መዝገብ እንጂ የተሰረዘ መዝገብ አይደለም። ለዚህም ሁለት ማስረጃዎችን ማቅረብ ይቻላል። የመጀመሪያው የሶንጆ ዜና መዋዕል ነው። በጓንግሄጉን ዘመን የተዘጋጀው ቅጂ ለአንድ የፖለቲካ ቡድን ያደላ ነው በመባሉ ተቀናቃኞቹ በ1657 የተጠናቀቀ የማሻሻያ ቅጂ አዘጋጁ። ነገር ግን የፊተኛውን አላጠፉትም። አንባቢ አነጻጽሮ እንዲፈርድ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁለተኛው የራሳቸው የጓንግሄጉን መዝገብ ነው። ከዙፋን በመውረዳቸው መዝገባቸው “ዜና መዋዕል” የሚለው ክብር ተነፍጎት “ማስታወሻ” ተብሏል። በወቅቱ ለኅትመት አቅም ባለመኖሩም የተሰረዙና የተስተካከሉ ዐረፍተ ነገሮች ያሉበት መካከለኛ ረቂቅ ሳይታጠብ እስከ ዛሬ ተርፏል። በመሆኑም በዚህ ንጉሥ ላይ የጻፉት ጠላቶቻቸው ምን ጽፈው ምን እንደሰረዙ በዓይን ማየት ይቻላል። የድርጊቱ ባለቤቶች ሊደብቁት ይችሉ የነበረው ይኸው ሥራ ነው ለትውልድ የተላለፈው።

ከዚህም ሌላ አንድን አገር ያጥለቀለቀ ወረርሽኝ ከአንድ መዝገብ ቢሰረዝ እንኳ በየአውራጃው ሪፖርት፣ በግለሰቦች ማስታወሻ፣ በጎረቤት አገሮች ሰነድ መንጸባረቁ አይቀርም። የ1821 ኮሌራ ከአንድ በላይ በሆኑ ምንጮች የሚታወቀው ለዚህ ነው።

የመላምቶቹ ፋይዳና ወሰን

የኮሪያ ኅብረተሰብ በዚህ ረገድ የሚያሳየው ጥንቃቄ ከፍተኛ ነው። በመጋቢት ወር 2021 “ጆሶን ኤግዞርሲስት” የተሰኘ ድራማ ንጉሥ ቴጆንግን ንጹሐንን እንደሚጨፈጭፉ አድርጎ በማሳየቱና የቻይና ይዘት ያላቸው ምግቦችና ቁሳቁሶችን በማቅረቡ ታሪክን አዛብቷል በሚል ከፍተኛ ተቃውሞ ገጥሞት ከሁለት ክፍል በኋላ ተቋርጧል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው “ሚስተር ኩዊን”ም ዜና መዋዕሉን እንደ ተራ ሐሜት በሚያንኳስስ ንግግር ሳቢያ አዘጋጆቹ ይቅርታ እንዲጠይቁ ተገደዋል። “ኪንግደም” ከዚህ ዓይነቱ ክስ በአብዛኛው የዳነው የእውነተኛ ንጉሥ ስም ባለመጠቀሙ፣ የሴረኛውንም ቤተሰብ በምናብ በመፍጠሩ ነው ማለት ይቻላል።

በአንጻሩ መላምቶቹ በጎ ጎን አላቸው። ዜና መዋዕሉ የተጻፈው በጥንታዊ የቻይና ፊደል በመሆኑ ለረጅም ጊዜ የምሁራን ብቻ ንብረት ሆኖ ቆይቷል። በደቡብ ኮሪያ ወደ አገሩ ቋንቋ የመተርጎሙ ሥራ በ1993 ከተጠናቀቀና በ2000ዎቹ አጋማሽ በኢንተርኔት በነጻ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ማንኛውም ዜጋ የአንድን ቀን ዘገባ ፈልጎ ማንበብ ችሏል። ሠዓሊ ፓርክ ሲቤክ ከ2003 እስከ 2013 ዜና መዋዕሉን በ20 ቅጽ ሥዕላዊ መጽሐፍ ማቅረባቸውም የዚሁ ውጤት ነው። ዛሬ አንድ ተመልካች የፊልሙን ትዕይንት አይቶ መላምት ሲያቀርብ ሌላው መዝገቡን ጠቅሶ ሊያርመው ይችላል። መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን አሉባልታ የሚታረምበት መንገድ አብሮ ይከፈታል።

የጆሶን ዜና መዋዕል በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም መታሰቢያ መዝገብ የሰፈረው በ1997 ነው። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ ቅርሶችም በዚሁ መዝገብ የሰፈሩት በዚያው ዓመት ነበር። ሁለቱም አገሮች የነገሥታትን ውሎ በዜና መዋዕል የመመዝገብ የቆየ ልማድ ያላቸው ናቸው።

በአጠቃላይ ሲታይ ተከታታዮች ካቀረቧቸው መላምቶች የአልጋ ወራሹ ማንነት በከፊል፣ የቾ ቤተሰብ ምንጭና የወረርሽኙ መነሻ በአብዛኛው በመዝገብ ይደገፋሉ። የዶንግኔ ሽሽትና የመዝገብ ስረዛ ግን ውድቅ ይሆናሉ። ይህን ፍርድ ለመስጠት ያስቻሉት በጉባኤ ጥግ ተቀምጠው ይጽፉ የነበሩት ዝቅተኛ ሹማምንት፣ ሰነዱን ወደ ተራራ ያሸሹት ሁለት ምሁራንና የተቀናቃኛቸውን ጽሑፍ ሳያቃጥሉ ያስቀመጡት ባለሥልጣናት ናቸው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ በፋይል የሚያስቀምጠው ቃለ ጉባኤ ከዘመናት በኋላ በማን እጅ እንደሚገባና የማንን ስም ከሐሰት እንደሚያድን አስቀድሞ ማወቅ አይችልም። የጆሶን ጸሐፍትም አያውቁም ነበር፤ ሆኖም ያዩትንና የሰሙትን እንዳለ ጽፈው አስቀመጡት።